የወፍ ጎጆ ፈርን አተካከልና አያያዝ፣ ደረጃ በደረጃ

ይህን ፈርን ገዝተው በጥቂት ወራት የሚያጡት ሰዎች ብዙዎቹ ውኃ ነፍገውት አይደለም፤ መሬት ላይ የሚበቅል ተክል መስሏቸው ነው። የወፍ ጎጆ ፈርን (አስፕሊኒየም ኒደስ) ከምሥራቅ አፍሪካ እስከ ፓስፊክ ደሴቶች ባሉ ሞቃትና እርጥብ ደኖች ዛፍ ላይ ይኖራል። የተሸከመውን ዛፍ ምግብ አይሻማም። ቅጠሎቹን እንደ ጎጆ ዙሪያውን ዘርግቶ ከላይ የሚረግፈውን ቅጠል ያጠራቅማል፤ እሱው ሲበሰብስ ምግቡ ይሆናል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በቦርኔዮ ደን አንድ ትልቅ ፈርን እስከ 200 ኪሎ ግራም እንደሚመዝን፣ በውስጡ የሚኖሩት ነፍሳትና መሰሎቻቸውም በቀሪው የዛፉ አናት ካሉት ጋር በክብደት ሊስተካከሉ እንደሚችሉ አሳይቷል።

ደረጃ 1፦ መትከያውን አዘጋጁ። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ሥሩ አየር ስለሚፈልግ ጥቁር አፈር ይገድለዋል። የተከተፈ የዛፍ ቅርፊት ወይም የኮኮናት ቃጫ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ እንዲሁም ደቃቅ ቀይ አሽ ወይም የከሰል ስብርባሪ ቀላቅሉ። ውኃ ስታፈሱበት ወዲያው ከሥር መውጣት አለበት።

ደረጃ 2፦ ከታች ቀዳዳ ባለው ጠባብ ማሰሮ ትከሉት። ቅጠሎቹ የሚወጡበት እምብርት ከመትከያው በላይ ይሁን።

ደረጃ 3፦ ቦታ ምረጡለት። ብርሃን ይወዳል፣ የቀትር ፀሐይ ግን ያቃጥለዋል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ይስማማዋል። ሙቀቱ ከ16 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ስለዚህ አዲስ አበባና መሰል ደጋዎች ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውጭ እንዳያድር።

ደረጃ 4፦ የመትከያው ላይ ጠፈፍ ሲል ውኃ አጠጡ፤ በዳር በኩል እንጂ እምብርቱ ላይ አታፍስሱ። በቤት ውስጥ አየር ስለማይዘዋወር እዚያ የተኛ ውኃ ያበሰብሰዋል። በበጋ የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ከሆነ አየሩ ደርቆበታል ማለት ነው፤ ማሰሮውን ጠጠርና ውኃ ባለበት ሳህን ላይ አስቀምጡት፣ ሥሩ ግን ውኃውን አይንካ። አዲስ የሚፈታውን ለጋ ቅጠል አትነካኩ፤ ቶሎ ይጎዳል።

ደረጃ 5፦ ማራባት። ከአንድ እምብርት ስለሚያድግ ተከፍሎ አይተከልም። በቅጠሉ ጀርባ ከመሃል አጥንቱ ወደ ዳር የሚሄዱት ቡናማ መስመሮች በሽታ አይደሉም፤ ፈርኑ የሚራባበትን ደቃቅ ዱቄት (ስፖር) የሚይዙ ናቸው። ሲበስሉ ቅጠሉን ቆርጣችሁ በወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርቁት። የረገፈውን ዱቄት በፈላ ውኃ አርሳችሁ ባቀዘቀዛችሁት መትከያ ላይ በስሱ በትኑ። አፈር አታልብሱት፤ በግልጽ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ብሩህ ቦታ አኑሩት። ከሳምንታት በኋላ ልብ የሚመስሉ ጥቃቅን አረንጓዴ ቅጠሎች ይታያሉ። በዚህ ጊዜ ንጹሕ ውኃ እርጩባቸው፤ በእነዚህ ላይ ያለው የወንዱ ሕዋስ ወደ እንቁላሉ የሚደርሰው በውኃ ውስጥ ዋኝቶ ነውና። ከእነሱ የሚወጣው የፈርን ቡቃያ በእጅ ለመያዝ ሲበቃ ወደ ማሰሮ አዛውሩት።

በስፖር ማራባት ወራት ይፈጃል። ለጀማሪ የሚሻለው ከችግኝ ሻጮች ገዝቶ መትከያውን መቀየር ነው። ከደን ዛፍ ላይ ግን ነቅላችሁ አትውሰዱ፤ የብዙ ነፍሳት መኖሪያ ነው።