የእንግዳው ወጣት ስንቅ

ከአባታችን ከአብርሃም ጀምሮ የእግዚአብሔር ወዳጆች ታሪክ የመንገደኞች ታሪክ ነው። ዮሴፍ ገና በወጣትነቱ በወንድሞቹ ተሽጦ ወደ ግብጽ ወረደ፤ ዳንኤልም ከሦስቱ ጓደኞቹ ጋር ተማርኮ በባቢሎን በንጉሥ ቤት አደገ። ሁለቱም ቋንቋው በማይገባቸው፣ ልማዱም ለአባቶቻቸው ልማድ ባዕድ በሆነ ታላቅ ከተማ እንግዶች ሆነው ኖሩ፤ ዳሩ ግን ከተማው አልዋጣቸውም። እነርሱ ምን ይዘው እንደ ሄዱና በምን እንደ ጸኑ መመርመር ዛሬ ለእኛ የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ ልጆቻችን በየጊዜው በዚሁ መንገድ ይሄዳሉና።

ከመቱ የተነሣ ወጣት በበደሌ አልፎ፣ በጅማ ወይም በነቀምቴ በኩል አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዚያም ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ለንደን ወይም ወደ ዋሺንግተን የሚሻገር ብዙ ነው። እናት ለመንገደኛው ልጇ ቡናውን፣ ማሩንና ጩኮውን ትቋጥራለች፤ አባትም ከብት ሸጦ የመሳፈሪያውን ገንዘብ ይሰጣል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ስንቅ የሚበቃው ለጥቂት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ልጁን የሚያኖረው ምንድር ነው? ስለዚህ ጥያቄ እንነጋገር።

ወጣቱ በመቱ፣ በጎሬ ወይም በሁሩሙ ሳለ ሰው ሁሉ የማን ልጅ እንደ ሆነ ያውቃል። ሲያጠፋ የሚገሥጸው፣ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ከቅዳሴ ሲቀር «ወዴት ነበርህ?» የሚለው አያጣም። ወደ ታላቁ ከተማ በገባ ጊዜ ግን የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ይህ ነገር በመጀመሪያ ነጻነት ይመስለዋል፤ ቆይቶ ግን ከሸክም ሁሉ የከበደ ብቸኝነት ይሆንበታል። ሥራ ሳያገኝ ይቀርና ለእናቱ «ደኅና ነኝ» እያለ ይልካል፤ ተበድሮ ይለብስና የተመቸው መስሎ ፎቶግራፍ ይሰዳል፤ አማርኛው ገና ያልተስተካከለለት የኦሮሞ ልጅ ሲናገር ስለሚሥቁበት ዝም ማለትን ይመርጣል። በሰው ቤት ተቀጥራ በባዕድ አገር ያለችውም ልጃችን የሰንበትን ቀን ከሌላው ቀን ሳትለይ ወራት ያልፉባታል። ወጣትን ያጠፋው የከተማው ፎቅና መብራት ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ያጠፋው የሚያውቀው ሰው ማጣቱ ነው። እንግዲህ ከስንቆች ሁሉ የሚበልጠው ስንቅ ልጁን በስሙ ጠርቶ የሚቀበል ሰው ማዘጋጀት ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት መጨረሻ በክንክራኦስ የምታገለግለውን ፌቤንን በስሟ ጠርቶ እንዲቀበሏትና በምትፈልገው ሁሉ እንዲረዷት አደራ ብሏቸዋል (ሮሜ 16፣1-2)። ሮሜ በዚያን ዘመን የዓለም ታላቅ ከተማ ነበረች፤ ፌቤን ግን ወደዚያች ከተማ የደረሰችው ያልታወቀች እንግዳ ሆና ሳይሆን በሐዋርያው ደብዳቤ የታወቀች እኅት ሆና ነው። በጥንቷ ቤተ ክርስቲያንም መንገደኛው ከኤጲስ ቆጶሱ የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ይዞ መሄዱ የተለመደ ሥርዓት ነበር።

የኢሉባቦር ሕዝብም እንግዳ መቀበል ምን እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ራስ ተሰማ ናደው መቀመጫቸው ያደረጓት ጎሬ፣ በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል የእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ በጋምቤላ ከተፈቀደ በኋላ፣ ቡናው በአጋሰስ ወደ ባሮ ሲወርድ የግሪክ፣ የአርመንና የሶርያ ነጋዴዎች የተቀመጡባት ከተማ ነበረች። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ምክንያትም ከወሎና ከሌላም አገር የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች በዚህ ምድር ሰፍረዋል። ዛሬም የመቱ ዩኒቨርሲቲ ከየአገሩ የሚመጡ ወጣቶችን ይቀበላል። ስለዚህ የመቱ ሰው በአዲስ አበባ ለልጁ የሚመኘውን ደግነት፣ ከሌላ አገር ወደ መቱ ለመጣው ተማሪ እርሱ ራሱ ሊያደርግለት ይገባዋል።

ይኸው አውራጃ እንግዳ ሆኖ መጥቶ አገሩን ያደረገ ታላቅ አባትም አይቷል። አቡነ ሚካኤል በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ጵጵስና ከተቀበሉት ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ ሲሆኑ፣ በጎሬ ተሾመው በሕዝቡ መካከል ኖሩ። በ1929 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በገባ ጊዜም ለጠላት አንገዛም ብለው በዚያው በጎሬ በሰማዕትነት አለፉ። ሰው የተላከበትን ከተማ እንደ ባዕድ ሳይሆን እንደ አደራ ሲቀበለው እስከ ሞት ድረስ ይታመንለታል።

እንግዲህ ለሦስት ወገኖች ምክራችንን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ለተጓዡ ወጣት። ልጃችን ሆይ፣ ዳንኤልን ተመልከት። የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት ሦስት ዓመት ተምሯል፤ ስሙንም ሲለውጡበት አልታገለም። ከንጉሡ ማዕድ ግን አልበላም። ይህንንም ያደረገው በስድብና በክርክር ሳይሆን አለቃውን በትሕትና ለምኖ፣ የ10 ቀን ፈተና ጠይቆ ነው (ዳን. 1)። አንተም የከተማውን ቋንቋ፣ ሥራና ጨዋነት ተማር፤ ጾምህንና ጸሎትህን ግን አትሽጥ። ዳንኤል ጭንቅ በመጣ ጊዜ ነገሩን ለሦስቱ ጓደኞቹ ገልጦ አብረው ጸለዩ፤ ብቻውን አልተሸከመውም። በደረስህ በመጀመሪያው ሰንበት ወደ ቅርብህ ቤተ ክርስቲያን ሂድ፤ በመጀመሪያው ወርም የንስሐ አባት ያዝ። ቢቸግርህ ለእናትህ እውነቱን ንገራት፤ ከሐሰት ደስታህ ይልቅ እውነተኛው ችግርህ እናትህን ለጸሎት ያነሣታል።

በምትሄድበት አገር ቤተ ክርስቲያን ቢታጣስ? ከጢሮስ የመጣው ወጣት ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ዘመን በአክሱም እንግዳ ነበረ። በንጉሥ ቤት ሥልጣን ባገኘ ጊዜ በከተማው የነበሩትን ክርስቲያን ነጋዴዎች ፈልጎ ለጸሎት የሚሰበሰቡበት ቦታ እንዲያዘጋጁ አበረታታቸው። ኋላም ወደ እስክንድርያ ሄዶ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ተሾመና አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ተባለ። የቤተ ክርስቲያናችን ጵጵስና የተጀመረው እንግዳ ወጣት እንደ እርሱ ያሉትን እንግዶች ፈልጎ በማሰባሰቡ ነው። አንተም እንዲሁ ሁለት ሦስት ወገኖችህን ፈልግ።

ሁለተኛ፤ ለሚሸኙት ካህናትና ወላጆች። ነቢዩ ኤርምያስ በኢየሩሳሌም ቀርቶ ሳለ ወደ ባቢሎን ምርኮኞች ደብዳቤ ልኳል፤ ቤት እንዲሠሩ፣ ተክል እንዲተክሉ፣ ለተማረኩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ መክሯቸዋል (ኤር. 29)። ልጁን ስንሸኝ የክርስትና ስሙን፣ አጥቢያውን፣ ዲያቆን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ እንደ ሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ በእጁ እንስጠው። ስልክ በየሰዉ እጅ በሚገኝበት በዚህ ዘመን የንስሐ አባት ከወር በኋላ «ልጄ፣ ማን ተቀበለህ?» ብሎ መጠየቅ አይሳነውም። ወላጆችም ገንዘብ ላክልን ከማለታቸው በፊት እንዴት አደርህ ይበሉት።

ሦስተኛ፤ ለተቀባዮቹ አጥቢያዎች። ከቅዳሴ በኋላ በቅጽሩ ጥግ ብቻውን የቆመ ወጣት ባየን ጊዜ ስሙንና አገሩን እንጠይቀው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ለዚህ አገልግሎት ይመድብ፤ አፋን ኦሮሞ የሚሰማ አባት ካለም፣ ልጁ ኃጢአቱን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲናዘዝ ወደ እርሱ ይምሩት። የተራበውን ከስብከት በፊት ያብሉት፤ ሥራ የሚያውቅ ምእመንም ሥራ ይጠቁመው። ጌታችን በመጨረሻው ቀን «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝን?» የሚለውን ጉዳይ የፍርድ መመዘኛ እንደሚያደርገው ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ተምረናልና፣ ይህ ለጋሶች ብቻ የሚመርጡት ትሩፋት አይደለም፤ የሁላችንም ግዴታ ነው።

በየዓመቱ በወርኃ ጽጌ የምናስበው ጌታ ራሱ በእናቱ እቅፍ ሆኖ በባዕድ አገር እንግዳ ነበረ። እርሱ በየከተማው የተበተኑትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ የሚቀበሏቸውንም እጆች ያበርታልን፤ ለእኛም እንግዳን የሚያይ ዓይን ይስጠን። አሜን።