ቄጠማ በጥላ ሥር፦ የብርሃን ገቢና ወጪ

እንደሚታወቀው በብዙ ግቢዎች ከዛፍ ሥርና ከሕንፃ ጀርባ ያለው መሬት ሣር አልይዝ ብሎ ባዶውን ይቀራል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል። ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆኑ ዕፅዋት በቄጠማ ወገን ውስጥ ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ማንኛውም ቄጠማ ለጥላ ይስማማል ማለት አይደለም። ለምን?

በሳይንሳዊ ስሙ ሳይፐራሴ የሚባለው ይህ ወገን ከ5,000 በላይ ዝርያዎች አሉት። ሣር ቢመስሉም ሣር አይደሉም፤ የብዙዎቹ አገዳ በጣት ሲዳሰስ ሦስት ጠርዝ አለው። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም ከዚሁ ወገን ነው።

በቅድሚያ ገቢውን እንመልከት። ሰማይ በጠራበት እኩለ ቀን የፀሐይ ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር ግን ከዚህ ከመቶ 5 እጅ እንኳ ላይገኝ ይችላል። ዓይናችን ራሱን ከብርሃኑ ጋር ስለሚያለማምድ የልዩነቱን ስፋት አያሳውቀንም። በተጨማሪም የዛፉ ቅጠል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚያስቀር ወደ ታች የሚያልፈው በአብዛኛው ለዕፅዋት ብዙም የማይጠቅመው ነው።

ቀጥሎ ወጪው አለ። ደንገል ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘው ሲ-4 በተባለው መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ለአንድ ሞለኪውል 5 ኤቲፒ፣ ማለትም የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል፣ ያስፈልጋል። በሲ-3 መንገድ ግን 3 ይበቃል። ሙቀትና ብርሃን በበዛበት ስፍራ ሲ-4 በሙቀት የሚመጣውን ብክነት ስለሚያስቀር ተጨማሪው ወጪ ያዋጣል። ብርሃን በሚያንስበት ቀዝቃዛ ጥላ ግን ያው ወጪ ዕዳ ይሆናል።

በመሆኑም ለጥላ የሚመረጡት ሲ-3 ዝርያዎች፣ በተለይም ካሬክስ የተባሉት ናቸው። በአሜሪካ ዴላዌር የሚገኘው ማውንት ኩባ ሴንተር 70 ዓይነት ካሬክስ ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱን ሲያወጣ፣ ካሬክስ ዉዲአይ የተባለው ቀዳሚ ሆኗል። በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖችም የካሬክስ ዝርያዎች ይበቅላሉ። ሆኖም ከደን መንቀል ደኑን ስለሚጎዳ ከችግኝ ጣቢያ ወይም ከዘር መነሣት ይመረጣል።

ተከላው በክረምት መግቢያ ቢሆን መልካም ነው። የበሰለ ብስባሽ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል፤ ችግኞቹም በ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ይተከላሉ። ሥራቸው እስኪጠና በመጀመሪያው በጋ ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል። በኋላም የጠነከረውን ጉንጉን ከነሥሩ ከፋፍሎ ማባዛት ይቻላል።

አንባብያን ከመትከላቸው በፊት ብርሃን በሚለካ ሞባይል የግቢያቸውን ጥላ በየሰዓቱ ለክተው ከገላጣው ስፍራ ጋር ያነጻጽሩ። ከዚያ በኋላ የሚመረጠው ዕፅ በመልኩ ብቻ ሳይሆን ባለው ብርሃን ሊኖር በመቻሉ ይመዘናል።