ሽንትን መቆጣጠር ስለ አለመቻል፦ ለምእመናንና ለካቴኪስቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በምናገለግልበት ቁምስና ከፊተኛው ወንበር የማይጠፉ አንዲት አረጋዊት እናት ከቅዳሴ መቅረት ጀመሩ። ካቴኪስቱ ነገሩን ሲያስረዳን «እምነታቸው ሳይቀዘቅዝ አይቀርም» አለን፤ እኛም ሳንመረምር ያንኑ ተቀበልን። ዛሬ ስናስታውሰው የምናፍርበት ነገር ነው። ሁለት ጊዜ ልንጠይቃቸው ብንሄድ ከግቢው በር ላይ ሰላምታ ሰጥተው መለሱን። በሦስተኛው ጊዜ የካቴኪስቱ ባለቤት ብቻዋን ገብታ ብታነጋግራቸው ምክንያቱ ተገለጠ። ሰግደው ሲነሡ፣ ሲያስሉም ሽንት ያመልጣቸው ነበር። «እንዲህ እየሆንኩ የእግዚአብሔርን ቤት አላረክስም» ብለው ነው የቀሩት።

ሕመምን መርምሮ መድኃኒት መስጠት የሐኪም ሥራ ነው። በኀፍረት ምክንያት ቤት ዘግቶ የተቀመጠውን ፈልጎ ማግኘት ግን የእኛና የካቴኪስቶቻችን ድርሻ ስለ ሆነ፣ ስለዚህ ሕመም መጠነኛ እውቀት ሊኖረን ይገባል።

በመጀመሪያ የኅሊናውን ጉዳይ እናጥራ። ከሰውነት የሚፈስ ነገር ሁሉ ከቤተ መቅደስ ያርቃል የሚለው አስተሳሰብ በሕዝባችን ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። ብዙዎች ለዚህ የሚጠቅሱት ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15ን ነው። ምዕራፉን ልብ ብሎ ያነበበ ግን ስለ ዘር፣ ስለ ደምና በሕመም ስለሚመጣ ፈሳሽ ሲናገር፣ ሽንትን በስም እንደማያነሣ ያስተውላል። ከዚህም በላይ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 የተጠቀሰችው፣ 12 ዓመት ደም ሲፈሳት የኖረችው ሴት፣ በዚያው ሕግ መሠረት ሰው መንካት አይገባትም ነበር። ጌታችን ግን ልብሱን ስለ ነካች አልገሠጻትም፤ ልጄ ብሎ ጠርቶ በሰላም አሰናበታት። በምዕራፍ 7ም ሰውን የሚያረክሰው ከልቡ የሚወጣው ክፉ አሳብ መሆኑን አስተምሯል። ስለዚህ ሽንት የሚያመልጠው ክርስቲያን በዚህ ምክንያት ከቅዳሴም ሆነ ከቅዱስ ቁርባን አይከለከልም። በኑዛዜ የሚናገረውም ነገር አይደለም፤ ኃጢአት አይደለምና።

አሁን ወደ ሕመሙ እንመለስ። ከኩላሊት የሚወርደው ሽንት በፊኛ ይጠራቀማል፤ የአዋቂ ሰው ፊኛ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ፊኛውን ከሥር ደግፈው የሚይዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ናቸው፤ አልጋን እንደሚይዝ ጠፍር ብናስባቸው አንሳሳትም። በተደጋጋሚ ወሊድ፣ በዕድሜ፣ ለዓመታት ከባድ ሸክም በመሸከም ጠፍሩ ሲላላ፣ ሰውዬው ሲያስል፣ ሲስቅ ወይም እንስራ ሲያነሣ ሽንት ያመልጣል። የእኒያ እናት ሕመም ይህ ነበር። በሌላው ሰው ደግሞ ፊኛው ሳይሞላ በድንገት ይኮማተርና መጸዳጃ ቤት ሳይደርስ ያመልጠዋል። በአረጋውያን ወንዶች የፕሮስቴት ዕጢ ሲያብጥ መውጫውን ስለሚያጠብበው ፊኛው ከቶ አይጎድልም፤ ሞልቶ እንደሚፈስ ጋን ጠብ ጠብ ይላል። የስኳር በሽታና ስትሮክም ነርቮችን በመጉዳት ተመሳሳይ ችግር ያስከትላሉ። ፊኛቸው ጤነኛ ሆኖ ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ብቻ በጨለማ ከጓሮው መጸዳጃ የማይደርሱም አሉ፤ ለእነዚህ ከአልጋው አጠገብ የሚቀመጥ ፖፖ ከመድኃኒት ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ ለደም ግፊት የሚታዘዙ ሽንት የሚያበዙ ክኒኖችም ነገሩን ያመጣሉ ወይም ያባብሳሉ። ክኒኑን ግን ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

በቁምስናችን ደጋግመን ያየነው ስሕተት ውሃን መተው ነው። በተለይ እሑድ ማለዳ፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ደረቅ ሆኖ ለመቆየት ሲሉ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ምንም የማይጠጡ አሉ። ውሃ ሲቀንስ ሽንቱ ይወፍራል፤ የወፈረ ሽንት ፊኛውን ስለሚቈጠቁጠው ጥድፊያው ይብሳል፤ የሆድ ድርቀትም ይከተላል። ስለ ቁርባን ጾም የሚጨነቁም ካሉ፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1953 ንጹሕ ውሃ መጠጣት የቁርባንን ጾም እንደማይሽር መደንገጋቸውን ይወቁ። መቀነስ ያለበት ቡናና ሻይ ነው። ሦስተኛውን ስኒ መተው ለብዙ እናቶች ከጾም ሁሉ ይልቅ እንደሚከብዳቸው እናውቃለን፤ ቢሆንም ለጥቂት ሳምንታት ሞክረው ልዩነቱን ይዩት።

የላላውን ጠፍር ማጥበቂያ መንገድ አለ። አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቁት እንቅስቃሴ ገንዘብ አያስወጣም፤ ተቀምጦም፣ ተኝቶም፣ መቍጠሪያ ይዞም ይሠራል። ነፋስ እንዳይወጣ እንደሚከለክል ሰው የታችኛውን ጡንቻ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ፣ ከተቻለ ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ ይዞ ማቆየት፣ ያንኑ ያህል ማሳረፍ ነው። ሆድንና ጭንን ማጥበቅ፣ ትንፋሽንም መያዝ አያስፈልግም። ይህን 8 ወይም 10 ጊዜ በመደጋገም በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር መሥራት ይገባል። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ አጥተው ይተዉታል፤ የሚያሳዝነውም ይህ ነው። ጥድፊያ ለሚያስቸግረው ደግሞ ፊኛን ማለማመድ ይረዳዋል፦ በየሰዓቱ የሚሄድ ከሆነ ጥቂት ቀን በ1 ሰዓት ከ15፣ ከዚያም በ1 ሰዓት ተኩል እያለ ማራዘም ነው። ይህም ቢያንስ 6 ሳምንት ይፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ መታየት ያለበት ከወሊድ በኋላ ሌሊትና ቀን ያለ ማቋረጥ የሚፈስ ሽንት ነው። ምጥ ለቀናት ሲቆይ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ሥጋ ከዳሌ አጥንት ጋር አጣብቆ ደም ያሳጣዋል፤ የሞተው ሥጋ ሲወድቅ በፊኛና በማኅፀን በር መንገድ መካከል ቀዳዳ ይቀራል። ይህ ፊስቱላ ይባላል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይገኝም፤ እናቲቱም ልጇን ካጣች በኋላ ባሏንና ጎረቤቷን የምታጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ርግማን ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ካቴኪስቱ ዝም ማለት የለበትም። በዚህ ጉዳት እንቅስቃሴው ብቻውን ቀዳዳውን አይዘጋም፤ ብዙዎች ግን በቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አገራችን መጥተው በ1974 በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፊስቱላ ሆስፒታል ሕክምናውን በነፃ ይሰጣል። በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ቅርንጫፎች ተቋቁመዋል። ጊዜውም ዋጋ አለው፦ ትንሽ ቀዳዳ ቶሎ ከተደረሰበት፣ በሽንት ቱቦ ለጥቂት ሳምንታት ፊኛውን ባዶ በማድረግ ብቻ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ከረጅም ምጥ በኋላ ሽንቷ የሚፈስ እናት አርባ ወይም ሰማንያ ቀን እስኪሞላ አትጠብቅ።

ሽንቱ ደም የቀላቀለ፣ ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም ያለው፣ ሽንት ጨርሶ የቆመበት፣ ወይም እግሩና መቀመጫው የደነዘዘ ሰውም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰድ።

ሕመምተኛን የሚጠይቅ ካቴኪስት ይህን ነገር በሰው ፊት አያንሣ። ለሴቶች ሴት፣ ለወንዶች ወንድ ብትልክ ይሻላል፤ «ሽንት ያስቸግርዎታል?» ብሎ በቀጥታ፣ በዝግታ መጠየቅም ከመሸፋፈን ይበልጣል። አስታማሚዎች የረጠበውን ጨርቅ ቶሎ እንዲለውጡ፣ ገላውን በውሃ አጥበው እንዲያደርቁና ቫዝሊን እንዲቀቡ ይምከሩ፤ ቆዳ የሚቆስለው በእርጥበቱ ነውና። በቤተ ክርስቲያንም ከበሩ አጠገብ አንድ ወንበር ይተውላቸው፤ በስግደት ጊዜ ቢቀመጡም ማንም አያጉረምርም። ስለ መጸዳጃ ቤት ግን ወቀሳው ለእኛ ለካህናቱ ነው። ለደወል ገንዘብ ስናሰባስብ፣ ውሃ ያለው መጸዳጃ በግቢው ውስጥ መኖሩን የጠየቅን ጥቂቶች ነን።

እኒያ እናት በጤና ጣቢያ ተመርምረው ለኢንፌክሽን መድኃኒት ተሰጣቸው፤ እንቅስቃሴውንም የካቴኪስቱ ባለቤት ከነርሷ ተምራ አስተማረቻቸው። በአራተኛው ወር ተመልሰው መጡ። ሲያስሉ አሁንም አልፎ አልፎ ያመልጣቸዋል፤ በዘንቢላቸው ንጹሕ ጨርቅ ይዘው ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሁለት እናቶች ያቺኑ ሴት ለብቻዋ ጠርተው አነጋግረዋታል።