ሞንታርቦውን በየትኛው ዘፈን እንፈትነው?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ድምፅ ማጉያ ነው። እኔ ጉባ ውስጥ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያና በተለያዩ ዝግጅቶች ላይ ድምፅ አስተካክላለሁ። ጉባን ብዙዎቻችሁ የምታውቋት ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ነው። አገሩ ቆላ ስለሆነ ሰው በብዛት የሚሰበሰበው ሜዳ ላይ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ነው። ድምፅ ደግሞ ሜዳ ላይ ይበተናል።

ታዲያ ይህ ምን ያሳስባል? አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። የጤና ባለሙያዋ ማይክ ይዛ «የዚህ ጉድጓድ ውሃ አይጠጣም» አለች እንበል። ከኋላ የቆሙት «ይጠጣል» ብለው ከሰሙስ? የሁለቱ ቃላት ልዩነት ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉ ትንንሽ ድምፆች ናቸው። እነሱ ከተዋጡ መልእክቱ ይገለበጣል። ድምፁ ጮኸ ማለት ቃሉ ተሰማ ማለት አይደለም። ሰው ከመምጣቱ በፊት መሣሪያውን የምንፈትነውም ለዚሁ ነው።

ለምን በተቀዳ ሙዚቃ?

የገበያ ሚዛን ትክክል መሆኑን ማወቅ ስንፈልግ ክብደቱን የምናውቀውን የአንድ ኪሎ ብረት እናስቀምጥበታለን። የተቀዳ ዘፈንም እንደዚያ ብረት ነው። ዘፋኝ ዛሬ ቢደክመው ድምፁ ይለወጣል፤ ቅጂው ግን ትናንትም ዛሬም ያው ነው። ስለዚህ ዛሬ ተለውጦ ከተሰማን የተለወጠው መሣሪያው ወይም ቦታው ነው ማለት ነው።

ለዚህም ነው የመፈተኛ ዘፈን ሰሞኑን የወጣና ሰው የሚጨፍርበት መሆን የሌለበት። በደንብ የምታውቁት፣ በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ደጋግማችሁ የሰማችሁት ይሁን። ዘፋኙ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ ሳይቀር ማወቅ አለባችሁ። የሚጨፍር ጆሮ ዳኛ አይሆንም!

እያንዳንዱ ዘፈን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ

አንድ ዘፈን ሁሉንም ነገር አይነግረንም። እኔ የምጠቀምባቸው አራት ዓይነት ናቸው።

1. ጥርት ያለ የሰው ድምፅ። አንድ ዘፋኝ በክራር ብቻ የዘፈነው ይሻላል። ቃሉ ሁሉ ይሰማል? «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ ይወጋሉ? ኤም.ፒ.3 የተባለውን የድምፅ ማመቂያ ዘዴ ካበለጸጉት አንዱ የሆነው ጀርመናዊው ካርልሃይንዝ ብራንደንበርግ ሥራውን የፈተነው ሱዛን ቬጋ ያለ መሣሪያ በዘፈነችው «ቶምስ ዳይነር» ነበር። ብቻውን ያለ ድምፅ ጉድለት አይደብቅም።

2. በገና። የአለሙ አጋን ቅጂዎች ስሟቸው። አሥሩ አውታሮች ወፍራም ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከአውታሩ ሥር የሚገቡት ትንንሽ ቆዳዎች ደግሞ «ዝዝዝ» የሚል ንዝረት ይጨምራሉ። ወፍራሙ ብቻ ከተሰማ ቀጭኑን የሚያወጣው ትዊተር ታሟል፤ ንዝረቱ ብቻ ከተሰማ ደግሞ ቤዙ የለም።

3. ዋዛ። ይህ የክልላችን ሀብት ነው። አሶሳ አካባቢ የበርታ ብሔረሰብ ከቅል የሚሠራቸው እነዚህ ረጃጅም መለከቶች እያንዳንዳቸው የሚያወጡት አንድ ድምፅ ነው። ዜማው የሚሞላው ነፊዎቹ በየተራ ሲቀባበሉ ነው። ጥሩ ቅጂ ካገኛችሁ ልብ ብላችሁ አድምጡ፦ አንዱ መለከት ከጠፋ ወይም አንዱ ብቻ ከጮኸ መሣሪያው በዚያ ድምፅ ላይ ያጎድላል ወይም ይጨምራል።

4. ብዙ መሣሪያ ያለበት ሙሉ ባንድ። ከበሮው፣ ቤዙና ድምፃዊው ሳይደባለቁ ተለይተው ይሰማሉ ወይ? በውጭ አገር ብዙ ባለሙያዎች ለዚህ የሚመርጡት ዶናልድ ፋገን በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «አይ.ጂ.ዋይ.» ነው። ዘመናዊ የአገራችን ቅጂም ይሆናል። የድሮ የሸክላ ዘፈኖች ግን ምንም ቢጣፍጡ ለቤዝ መፈተኛ አይሆኑም፤ ያን ያህል ጥልቅ ቤዝ ብዙዎቹ ላይ የለም። የሌለውን ከሞንታርቦው ብንፈልግ በከንቱ ቤዝ እንጨምራለን።

ፋይሉም ይታይ። ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ብዙ ጊዜ የታመቀ ዘፈን ራሱ የተበላሸ ነው። ኤም.ፒ.3 ከሆነ 320 ኪሎቢት ያለውን ምረጡ፤ 128 በታች የሆነውን ተዉት። ከብሉቱዝ ይልቅም በገመድ አገናኙ።

አሠራሩ እንዲህ ነው

መጀመሪያ በሚክሰሩ ላይ ቤዝና ትሬብሉን መሐል ላይ አድርጉ። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ግራና ቀኙን ሞንታርቦ ለየብቻ ስሙ። ከዚያ ከሚክሰሩ ተነሱና ተራመዱ፦ ከፊት፣ ከመሐል፣ ከመጨረሻው ረድፍ። ኋላ የሚቀመጡት እናቶችና አባቶች የሚሰሙትን እናንተም ስሙት።

ሰዓቱንም አትርሱ። ቀን መሬቱ ሲግል ከሥር ያለው አየር ከላይኛው ይበልጥ ይሞቃል። ድምፅ በሞቃት አየር ውስጥ ስለሚፈጥን ጉዞው ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ሩቅ ላለው ሰው ይቀንስበታል። ሲመሽ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ የቀትር ዝግጅትን በማታ አትፈትኑ።

ኋላ አልሰማ ካለ ወዲያው ድምፅ መጨመር መፍትሔ አይደለም፤ ፊት የተቀመጡት ሕፃናት ጆሮ ይጎዳል። ሞንታርቦውን ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ረድፍ አዙሩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው መመሪያ አማካዩ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል።

በመጨረሻ ሙዚቃውን አጥፉና ማይኩን ክፈቱ። «ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት» ብቻ አይበቃም። አንድ ጓደኛችሁ ኋላ ይቁም፤ እናንተ «ይጠጣል፣ አይጠጣም፣ ይመጣል፣ አይመጣም» እያላችሁ አደባልቃችሁ አንብቡ፤ እሱ የሰማውን ይጻፍ። ወረቀቱን ስታስተያዩ ፈተናውን ማለፍ አለማለፋችሁ ይታወቃል።

ለክበባችሁ መወያያ

ሀ. በአካባቢያችሁ ካሉ የባህል መሣሪያዎች ለቤዝ መፈተኛ የሚሆነው የትኛው ነው? ለቀጭን ድምፅስ?

ለ. አዳራሹ ባዶ ሳለ የተስተካከለ ድምፅ ሰው ሲሞላ የሚለወጠው ለምን ይመስላችኋል?

ሐ. አራት ዘፈኖች መርጣችሁ ለእያንዳንዳቸው የሚጠይቁትን ጥያቄ ጻፉ። በሚቀጥለው የሰልፍ ፕሮግራም ላይ ሞክሩት። መልካም ሥራ!