ደም እንዴት ይረጋል? የደም አርጊ ሕዋሳት ተግባርና የወባ ጫና

በኅዳር ወር በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ የጤፍ አጨዳ ይፋፋማል። ማጭድ የአጫጁን ጣት ቢቆርጠው ደሙ ለጥቂት ደቂቃዎች ፈስሶ ይቆማል። ያቆመው ምንድን ነው? ይኸው ወቅት የወባም ወቅት መሆኑስ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ደም አርጊ ሕዋሳት ወይም ፕላትሌቶች ከቀይና ከነጭ የደም ሕዋሳት ጋር በደማችን ውስጥ ይዘዋወራሉ። በትክክለኛው አነጋገር ግን ፕላትሌት ሙሉ ሕዋስ አይደለም። በአጥንት መቅኔ ውስጥ ከሚገኝ ሜጋካርዮሳይት ከተባለ ግዙፍ ሕዋስ ተቆርሶ የሚወጣ፣ ኑክለስ የሌለው ቁራጭ ነው። ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሜትር፣ ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕላትሌቶች ይገኛሉ። ደምን በማቆም ረገድ ያላቸውን ድርሻ በ1882 እ.ኤ.አ. የገለጸው ጣሊያናዊው ሐኪም ጁሊዮ ቢዞዜሮ ነበር።

ሂደቱን በአራት ደረጃ ከፍለን ማየት እንችላለን።

አንደኛ፣ የተቆረጠው የደም ሥር ስለሚኮማተር የሚፈሰው ደም ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ የደም ሥሩ ውስጠኛ ሽፋን ሲቀደድ ከሥሩ ያለው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ይገለጣል። ፎን ዊልብራንድ ፋክተር የተባለ ሌላ ፕሮቲን እንደ ሙጫ ሆኖ ፕላትሌቶችን ከኮላጅኑ ጋር ያጣብቃል።

ሦስተኛ፣ የተጣበቁት ፕላትሌቶች ቅርጻቸውን ለውጠው እግር መሰል ዘንጎች ያወጣሉ። ኤዲፒና ትሮምቦክሴን ኤ2 የተባሉ ኬሚካሎችን በመልቀቅም ሌሎችን ይጠራሉ። የደቦ ሥራን በሚመስል ኅብረት ቁስሉን የሚደፍን ለስላሳ ውታፍ ይሠራሉ።

አራተኛ፣ ውታፉ ይጠናከራል። በፕላትሌቶቹ ገጽ ላይ፣ በካልሲየም እገዛ፣ ትሮምቢን የተባለው ኢንዛይም ይመረታል። ትሮምቢን በፕላዝማ ውስጥ የሟሟውን ፋይብሪኖጅን ወደማይሟሙ የፋይብሪን ክሮች ይለውጠዋል። ክሮቹ እንደ መረብ ተጠላልፈው ውታፉን ያጸኑታል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ከደጋማው ግሽ ዓባይ በተለየ መልኩ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ የምዕራብ ጎጃም አካባቢዎች ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ ለወባ ይጋለጣሉ። በወባ በታመመ ሰው ደም ውስጥ የፕላትሌቶች ቁጥር ብዙ ጊዜ ከ150,000 በታች ይወርዳል። ምክንያቶቹ ከአንድ በላይ ናቸው፤ ያበጠው ጣፊያ ፕላትሌቶችን ይይዛል፣ ፀረ እንግዳ አካላት የተጣበቁባቸው ይወገዳሉ፣ ሌሎቹም ያለ ቁስል ተነቃቅተው ያልቃሉ።

ያም ሆኖ አብዛኛው የወባ ሕመምተኛ አይደማም፤ ቁጥሩ 50,000 ቢሆን እንኳ ደም ያለ ጉዳት በራሱ መፍሰሱ የተለመደ አይደለም። ከ20,000 በታች ሲወርድ ግን ስጋቱ ይጨምራል። ተገቢው ሕክምና ከተሰጠ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመለሳል።

ከዚህ ዕውቀት ለሕይወት የሚጠቅም ነገር እናገኛለን። አስፕሪን ትሮምቦክሴን ኤ2 እንዳይመረት ያግዳል። ፕላትሌት ኑክለስ ስለሌለው የታገደበትን ኢንዛይም መተካት አይችልም፤ ስለዚህ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ እንደታገደ ይኖራል። ቁጥራቸው ባነሰበት ሰዓት የቀሩትንም ማዳከም አደጋ ነውና፣ ወባ በተጠረጠረበት ትኩሳት ከአስፕሪን ይልቅ ፓራሲታሞል ይመረጣል። ትኩሳት የያዘውን ሕፃን እንጥል ማስቆረጥም ሆነ ዋግምት ማስደረግ በዚሁ ምክንያት ይበልጥ አስጊ ይሆናል። ነስር፣ የድድ መድማት ወይም በቆዳ ላይ ደቃቅ ቀይ ነጠብጣብ ከታየ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ለተማሪዎች አንድ ነገር እንጨምር። በጊምሳ በተቀለመ ቀጭን የደም ናሙና ላይ የወባው ተሕዋስና ፕላትሌቶች በአንድ ማይክሮስኮፕ ሥር አብረው ይታያሉ። በቀይ ሕዋስ ላይ የተደረበ ፕላትሌት ለጀማሪ ዓይን ተሕዋስ ሊመስል ይችላል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ለትክክለኛ ምርመራ መሠረት ነው።