«ቀስ በቀስ» ማለት ምን ማለት ነው?
(ስለ መማር መብት የተዘጋጀ አጭር ትምህርት)

እንደሚታወቀው መብት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን መናገር፣ መጻፍና መሰብሰብ ነው። ነገር ግን መብላት፣ መታከም፣ ሠርቶ ማደርና መማርም መብቶች ናቸው። እነዚህን የሚመለከተው የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። አገራችን በ1985 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። አንቀጽ 13 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ግዴታና ለሁሉም በነጻ የሚሰጥ እንዲሆን ያዛል።

ታዲያ ድኻ አገር ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ከየት ታመጣዋለች? ቃል ኪዳኑም ይህን ስለሚያውቅ በአንቀጽ 2 መንግሥታት ባላቸው አቅም ሁሉ ደረጃ በደረጃ እንዲፈጽሙት ይጠይቃል። የኛም ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። ግን አንድ ነገር አንርሳ፤ ዶሮዋ ያልታቀፈችው እንቁላል በእግሩ አይሄድም፣ ይበላሻል። «ደረጃ በደረጃ» ማለትም «ቆይ፣ ነገ» ማለት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ የጣለበት ለዚሁ ነው።

አሁን አገራችን የሄደችበትን መንገድ እንመልከት። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከሕዝቡ አብዛኛው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም በዩኔስኮ በኩል የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። በኋላ ግን ጦርነቱና ችግሩ ሲበረታ ተዳከመ። የሚያነቡት ያጡ ብዙ ሰዎችም የቆጠሩትን ፊደል መልሰው ረሱት።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፈተ። በ1987 ዓ.ም. ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በ2009 ዓ.ም. ከ20 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። ሆኖም የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተነሡት ጦርነቶችም ብዙ ት/ቤቶች ፈርሰዋል፤ ተዘግተዋል።

ስለዚህ እድገትን በተማሪ ቁጥር ብቻ መለካት አይበቃም። የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው ማብራሪያ ትምህርት በአራት ነገር እንዲመዘን ያሳስባል። በኛ አነጋገር እንዲህ ልናስቀምጣቸው እንችላለን፦

1. አለ ወይ? (ት/ቤቱ፣ መምህሩ፣ መጽሐፉ)
2. ይደረስበታል ወይ? (በመንገዱ ርቀት፣ በወጪው፣ ለሴቷም ለአካል ጉዳተኛውም)
3. ይረባል ወይ? (ልጁ በእውነት ይማርበታል?)
4. ከልጁ ኑሮ ጋር ይስማማል ወይ?

ለማስተማር ልምምድ በወጣን ጊዜ አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ አየን። ሰሌዳው ላይ ያለውን ሁሉ በሚያምር ጽሕፈት ገልብጣለች። «እስቲ አንብቢልን» ስንላት ግን አንገቷን ደፋች። በመዝገብ ላይ ይህች ልጅ «በትምህርት ገበታ ላይ ያለች» ናት፤ ከሚሊዮኖቹም አንዷ ሆና ትቆጠራለች። ለአንደኛውና ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ነው። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ግን እኛም እንደሷ አንገታችንን ደፋን።

እውነት ነው፣ ገንዘቡንና መጽሐፉን መመደብ የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ይህን መጠየቅም መብታችን ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን እኛንም ይመለከታል። ነገ ጠመኔ ስንይዝ፣ ደብተር ላይ «አይቻለሁ» ብሎ ከመፈረም በፊት ልጁን ማስነበብ ያስፈልጋል። ለዚያች ልጅ መብቷ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ለውይይት፦
ሀ) «አቅም የለንም» የሚለው መልስ መቼ እውነት ይሆናል? መቼስ ሰበብ ይሆናል?
ለ) ለልምምድ የወጣንባቸውን ት/ቤቶች በአራቱ ጥያቄዎች ብንመዝናቸው የትኛው ላይ ይወድቃሉ?