ኃይለ ቃልና ዝርዝር ሐሳብ

አንድ አንቀጽ አንድ ዋና ሐሳብ ይይዛል። ይህን ሐሳብ የሚሸከመው ዓረፍተ ነገር ኃይለ ቃል ይባላል፤ ሌሎቹ ዓረፍተ ነገሮች ያብራሩታል፤ በምሳሌም ያጠናክሩታል። የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

«የጋራ መሬት የጋራ ምክር ይሻል። በመቐለ ከተማ የሚገኘውን የሮማናት አደባባይ ለምሳሌ እንመልከት። አደባባዩ እግረኛና ተሽከርካሪ የሚገናኙበት ስፍራ ነው። እንዲህ ባለው ስፍራ የማዘጋጃ ቤት፣ የመንገድ፣ የውሃ፣ የመብራትና የስልክ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ የየራሳቸው ሥራ አላቸው። እያንዳንዱ ለብቻው ቢያቅድ፣ አንዱ ያነጠፈውን አስፋልት ሌላው ቧንቧ ለመቅበር ይቆፍረዋል፤ ኪሳራው ግን የሕዝብ ነው። አስቀድመው ቢመካከሩ ቧንቧው በቅድሚያ ይቀበራል፤ መንገዱም ከዚያ በኋላ ይነጠፋል። ምክሩ በመሥሪያ ቤቶች ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የሕዝብን ተሳትፎ ከመሠረታዊ መርሖዎቹ አንዱ አድርጎታልና።»

መልመጃ

ሀ. የአንቀጹን ኃይለ ቃል ለይታችሁ ጻፉ።

ለ. «ቢያቅድ» እና «ቢመካከሩ» የሚሉት ግሶች ምን ምን ውጤት እንደሚያስከትሉ ከአንቀጹ አውጥታችሁ አስረዱ።

ሐ. በአካባቢያችሁ ካሉት የጋራ ቦታዎች፣ ማለትም ከገበያ፣ ከግጦሽ መሬት ወይም ከኳስ ሜዳ አንዱን መርጣችሁ፣ እነማን ሊመክሩበት እንደሚገባ የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉ።